ይዘትን ከመልክ መለየት፦ በእጃችን ባሉ መሣሪያዎች ሰነድን በመዋቅር ስለመጻፍ

አንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ከምን ከምን የተሠራ ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙዎቻችን «ከቃላት፣ ከቀመሮችና ከሥዕሎች» የሚል መልስ እንሰጣለን። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የቤተ ሙከራ መመሪያ ስናነብ ከቃላቱ በተጨማሪ ሌላም ነገር እናነባለን፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ይህ የአሠራር ቅደም ተከተል ነው፣ ያኛው ደግሞ የሰንጠረዥ መግለጫ ነው እያልን እያንዳንዱን ክፍል እንለያለን። የክፍሎቹ ማንነትና እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና የሰነዱ መዋቅር ይባላል። ይዘት የሚነገረው ነገር ነው፤ መዋቅር የሚነገረው ነገር አደረጃጀት ነው፤ መልክ ደግሞ የፊደሉ ውፍረት፣ መጠንና ቀለም፣ የመስመሮቹም ርቀት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ነጥብ አንድ ነው። ጸሐፊ በሰነዱ ውስጥ ሊመዘግብ የሚገባው እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚመስል አይደለም፤ መልክ ማልበሱን ለኮምፒውተሩ መተው ይቻላል። ይህ አሠራር መዋቅራዊ አጻጻፍ ይባላል። በትልልቅ የአውሮፕላንና የኮምፒውተር ኩባንያዎች ለዚሁ ሥራ ተብለው የተዘጋጁ ውድ ሶፍትዌሮች አሉ። ይሁን እንጂ የአሠራሩን አብዛኛውን ጥቅም ለማግኘት እነርሱን መግዛት አያስፈልግም፤ መሣሪያዎቹ ዛሬም በተማሪዎችና በመምህራን ኮምፒውተሮች ውስጥ ይገኛሉ።

ቀይ ቀለም ምን ይናገራል?

የብራና መጻሕፍትን የተመለከተ ሰው ጽሑፋቸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀለማት እንደሚጻፍ ያውቃል። ዋናው ንባብ በጥቁር ይጻፋል፤ ርእሶች፣ የክፍሎች መክፈቻ መስመሮችና ቅዱሳት ስሞች ደግሞ በቀይ ይጻፋሉ። ጸሐፊዎቹ ቀዩን ቀለም ለጌጥ ብቻ አላዋሉትም፤ ለአንባቢው መረጃ ያቀብሉበታል። ሆኖም ያው አንዱ ቀለም በአንድ ቦታ «አዲስ ክፍል ተጀመረ» ሲል፣ በሌላ ቦታ «ይህ የተከበረ ስም ነው» ይላል። የተማረ አንባቢ ልዩነቱን ከዐውዱ ይረዳል። ኮምፒውተር ግን «በቀይ ከተጻፉት መካከል ርእሶቹን ብቻ ለቅመህ ማውጫ አዘጋጅ» ቢባል ከቀለሙ ብቻ ተነሥቶ ሊለያቸው አይችልም።

እኛም ዛሬ በኮምፒውተር ስንጽፍ ተመሳሳይ ነገር እናደርጋለን። ርእሱን አድምቀን በ14 ነጥብ እንጽፋለን። ማስጠንቀቂያውንም እናደምቃለን። በፊዚክስ ጽሑፍ ደግሞ ቬክተርን የሚወክለው ፊደል በደማቅ ይጻፋል። ደማቅ ፊደል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ትርጉም ያዘ ማለት ነው። ሰነዱ በወረቀት ታትሞ ለሰው ዓይን ብቻ የሚቀርብ ቢሆን ችግሩ አነስተኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን ማውጫ እንዲወጣለት፣ በስልክ እንዲነበብ፣ ለዓይነ ስውራን በድምፅ እንዲቀርብ፣ ከዓመታት በኋላም እንዲታረም የሚፈለግ ሰነድ ከሆነ መልኩ ብቻውን በቂ መረጃ አይሰጥም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ሰነድን በይዘቱ ዓይነት መከፋፈል ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ አየር መንገዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ደንብ የአውሮፕላን መመሪያዎች ምዕራፎች ቋሚ ቁጥር እንዲኖራቸው ተደረገ። በዚህ መሠረት ምዕራፍ 24 የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ምዕራፍ 27 የበረራ መቆጣጠሪያዎች፣ ምዕራፍ 32 ደግሞ የማረፊያ እግሮች ነው። እንደ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁሉ የቦይንግንም የኤርባስንም አውሮፕላኖች በሚያበርር ድርጅት ውስጥ፣ አንድ ቴክኒሺያን ከአንዱ ፋብሪካ መመሪያ ወደ ሌላው ሲሻገር የማረፊያ እግሮቹን የሚያገኘው በዚያው በምዕራፍ 32 ነው። ሥርዓቱ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከዚያም በላይ የጥገና ስሕተትን ይከላከላል።

ሐሳቡ ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ዊሊያም ተኒክሊፍ በካናዳ መንግሥት ማተሚያ ቤት በተደረገ ስብሰባ ላይ የሰነድ ይዘት ከቅርጹ ተለይቶ መያዝ እንዳለበት አስረዳ። በ1969 ደግሞ በአይቢኤም ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የሰነድን ክፍሎች በስማቸው የሚሰይም ቋንቋ ፈጠሩ። ጎልድፋርብ በትምህርቱ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ሥራውም የተጀመረው የሕግ ቢሮ ሰነዶችን በኮምፒውተር ለማደራጀት በተደረገ ጥረት ነው። ይህ ቋንቋ አድጎ በ1986 ኤስጂኤምኤል በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ቀለል ያለው ልጁ ኤክስኤምኤል በ1998 ታወጀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የፊዚክስና የሒሳብ ሰዎች ድርሻ ትንሽ አይደለም። ዶናልድ ክኑት በ1977 የመጽሐፉን የታረመ ጥራዝ የማተሚያ ናሙና ተቀብሎ ሲመለከት የቀመሮቹ አቀማመጥ ስላላስደሰተው ቴክ የተባለውን ፕሮግራም ለመሥራት ተነሣ። ሌዝሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በዚህ ላይ ላቴክን ገነባ፤ በላቴክ ጸሐፊው «ይህ ምዕራፍ ነው፣ ይህ ቀመር ነው» ብሎ ይሰይማል እንጂ የፊደል መጠን አይመርጥም። በኦክስፎርድ ፊዚክስ የተማረው ቲም በርነርስ-ሊም በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማእከል የድረ ገጽን ቋንቋ ኤችቲኤምኤልን ሲያዘጋጅ፣ የርእስና የአንቀጽ ምልክቶቹን የወሰደው ማእከሉ ቀድሞ ይጠቀምበት ከነበረው የኤስጂኤምኤል ዘር ከሆነ ቋንቋ ነው።

የዚህ አሠራር ፍሬ ከአሠርት ዓመታት በኋላም ይለቀማል። ፖል ጊንስፓርግ በ1991 በሎስ አላሞስ የመሠረተው አርካይቭ የተባለው የፊዚክስ ጽሑፎች ማከማቻ ከደራሲዎቹ የሚቀበለው በዋናነት የቴክንና የላቴክን ምንጭ ነው። በዲሴምበር 2023 ማከማቻው በዚህ መንገድ የሚቀርቡለትን አዳዲስ ጽሑፎች በኤችቲኤምኤልም ማቅረብ ጀመረ፤ ዋናው ዓላማ ለዓይነ ስውራንና ማየት ለሚያዳግታቸው ተመራማሪዎች ንባቡን ማቃናት ነበር። ይህን ማድረግ የተቻለው በእጁ የነበረው የገጾች ፎቶግራፍ ሳይሆን የክፍሎቹ ስም ስለሆነ ነው።

ፊደላችን ያስተማረን ትምህርት

መልክንና ማንነትን ማደባለቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በአመዛኙ የሚሠሩት የላቲን ፊደላት በያዟቸው ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ሥዕል በማስቀመጥ ነበር። በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገበው የላቲኑ ፊደል ቁጥር ነው፤ ጽሑፉን አማርኛ የሚያደርገው የፎንቱ ሥዕል ብቻ ነበር። እያንዳንዱም ሶፍትዌር የየራሱ አደላደል ነበረው።

ውጤቱን በዕድሜ ከፍ ያሉ አንባቢያን ያውቁታል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ የመመረቂያ ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። የጽሑፉ ይዘት በመልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር መልኩ ሲጠፋ ይዘቱም አብሮ የጠፋ ያህል ሆነ። ፋይሉን መልሶ ለማግኘት የዚያን ሶፍትዌር አደላደል የሚያውቅ መለወጫ ያስፈልጋል። ዩኒኮድ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የማንነት ቁጥር ሰጠው፤ «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 ነው። ፎንቱ ቢለወጥ «ሀ» መልኩን ይለውጣል እንጂ «ሀ» መሆኑን አይተውም። መዋቅራዊ አጻጻፍ ይህንኑ መርሕ ከፊደል ወደ ርእስ፣ ወደ አንቀጽና ወደ ምዕራፍ ከፍ ማድረግ ነው።

የቤተ ሙከራ መመሪያ እንደ ምሳሌ

አሁን ሐሳቡን በሚቀርበን ሰነድ ላይ እንሞክረው። ሃያ ሙከራዎች ያሉት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መመሪያ አለን እንበል። ከእነዚህ መካከል በስድስቱ ውስጥ ካፓሲተር ይገኛል። በስድስቱም ላይ «ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተሩ ቻርጅ እንደያዘ ሊቆይ ስለሚችል በሬዚስተር ሳይራገፍ አይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት። ጽሑፉ በስድስት ቦታ የተገለበጠ ከሆነ፣ አንድ መምህር ማስጠንቀቂያውን በአንድ ሙከራ ላይ ቢያሻሽል አምስቱ እንደነበሩ ይቀራሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መመሪያው እርስ በርሱ የማይስማማ ማስጠንቀቂያ ይይዛል። ጉዳቱ የሚደርሰው አሮጌው ቅጂ በደረሰው ተማሪ ላይ ነው።

ሌላም ምሳሌ እናንሣ። ክብደትና መለኪያዎችን የሚመለከተው ጠቅላላ ጉባኤ በኖቬምበር 2018 በወሰነው መሠረት፣ ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ኪሎግራም በፓሪስ አጠገብ በተቀመጠው የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ሲሊንደር መተርጎሙ ቀርቶ በፕላንክ ቋሚ ይተረጎማል። የፕላንክ ቋሚ ዋጋ በትርጉም 6.62607015×10⁻³⁴ ጁል ሰከንድ፣ የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን ደግሞ 1.602176634×10⁻¹⁹ ኩሎም ሆኖ ተደነገገ፤ ሁለቱም ከእንግዲህ የመለኪያ ስሕተት ወሰን የላቸውም። እነዚህ ቁጥሮች በፎቶኤሌክትሪክ ሙከራ፣ በሚሊካን የዘይት ጠብታ ሙከራ፣ በኤልኢዲ የፕላንክን ቋሚ በምንለካበት ሙከራም ይገኛሉ። በየሙከራው መጨረሻ የየራሱ የቋሚዎች ሰንጠረዥ የተገለበጠበት መመሪያ በሁሉም ቦታ መፈለግና መታረም ነበረበት። ሰንጠረዡ በአንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ሙከራዎቹ ወደ እርሱ የሚያመለክቱበት መመሪያ ግን በአንድ እርማት ይድናል።

አዲስ ሶፍትዌር ያሻናልን?

አያሻንም። የሚከተሉትን አምስት እርምጃዎች በማይክሮሶፍት ወርድ፣ ወይም በነፃ በሚገኘው ሊብሬኦፊስ መፈጸም ይቻላል።

አንደኛው እርምጃ ርእስን ርእስ ብሎ መሰየም ነው። መስመሩን መርጦ ከማድመቅና ከማተለቅ ይልቅ ከስታይሎች ዝርዝር ውስጥ «ሄዲንግ 1» የሚለውን መምረጥ ይገባል፤ በወርድ ኮንትሮል፣ አልትና 1 ቁልፎችን በአንድነት መጫን ይህንኑ ያደርጋል። በሊብሬኦፊስ የኤፍ 11 ቁልፍ የስታይሎቹን ዝርዝር ይከፍታል። ርእሶቹ በዚህ መንገድ ከተሰየሙ ማውጫው ራሱ ይዘጋጃል። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌርም ከርእስ ወደ ርእስ መዝለል የሚችለው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው፤ በእጅ የደመቀ መስመር ለእርሱ እንደማንኛውም መስመር ነው።

ሁለተኛው የራሳችንን ስታይሎች መፍጠርና በትርጉማቸው መሰየም ነው። «ቀይ ደማቅ» የሚል ስታይል የብራናውን ቀይ ቀለም ችግር ይደግማል። «ማስጠንቀቂያ»፣ «የአሠራር እርምጃ»፣ «የሰንጠረዥ መግለጫ» የሚሉት ግን ማንነትን ይናገራሉ። ነገ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ በሣጥን ውስጥ ይሁኑ ከተባለ ስታይሉን አንድ ጊዜ መለወጥ ይበቃል።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ሊቆጥር የሚችለውን በእጅ አለመቁጠር ነው። «ሥዕል 4ን ተመልከት» ብለን ቁጥሩን በእጃችን ከጻፍን፣ በፊቱ አዲስ ሥዕል በገባ ጊዜ አንባቢውን ወደ ተሳሳተ ሥዕል እንልካለን። የሥዕል፣ የሰንጠረዥና የቀመር ቁጥሮች በሶፍትዌሩ እንዲሰጡ፣ ጥቆማዎቹም ከእነርሱ ጋር እንዲያያዙ ማድረግ ይቻላል።

አራተኛው አንድን ነገር በአንድ ቦታ ብቻ መጻፍ ነው። የካፓሲተሩ ማስጠንቀቂያና የቋሚዎቹ ሰንጠረዥ በየራሳቸው ትንንሽ ፋይሎች ይቀመጡ፤ ሙከራዎቹም ከዚያ ይጥሯቸው። በላቴክ ይህን የሚያደርገው «ኢንፑት» የተባለው ትእዛዝ ነው። በሊብሬኦፊስ ከሌላ ፋይል ጋር የተያያዘ «ሴክሽን» ማስገባት ይቻላል። በወርድም የሌላን ፋይል ጽሑፍ በማያያዣ ማስገባት ይቻላል።

አምስተኛው ይዘቱን በዓይነት መለየት ነው። አይቢኤም በ2001 ያቀረበውና በ2005 የጋራ ደረጃ የሆነው ዲታ የተባለ ሥርዓት የቴክኒክ ጽሑፍን በመሠረቱ በሦስት ይከፍለዋል፤ ሐሳብን የሚያብራራ፣ ተግባርን የሚያዝና ለማጣቀሻ የሚያገለግል። ለእኛም መመሪያ ክፍፍሉ ይስማማል። የሙከራው ንድፈ ሐሳብ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው በተራ የሚፈጽማቸው እርምጃዎች ሌላ ናቸው፤ የመሣሪያዎቹ ዝርዝርና ቋሚዎቹ ሦስተኛ ናቸው። ሦስቱ በተደባለቁበት መመሪያ ተማሪው እጁ ሽቦ ላይ እያለ የሚቀጥለውን እርምጃ በማብራሪያ አንቀጽ መካከል ሲፈልግ ይገኛል።

አንባቢያን ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ሙከራ

ከላይ የተባለው እውነት መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። በወርድ ሁለት መስመር ብቻ ያለው ሰነድ ይጻፉ። የመጀመሪያውን መስመር በ«ሄዲንግ 1» ይሰይሙ፤ ሁለተኛውን በእጅ አድምቀው በ14 ነጥብ ያድርጉት። ሰነዱን በዶክ-ኤክስ ዓይነት ያስቀምጡ፤ ከዚያም ቅጂውን ወስደው የፋይሉን ቅጥያ ወደ ዚፕ ይለውጡና ይክፈቱት። ከ2007 ጀምሮ የወርድ ፋይል በእርግጥ የታሸገ የኤክስኤምኤል ፋይሎች ጥቅል ነው።

በውስጡ «ዶኩመንት» የተባለውን ፋይል ሲከፍቱ የመጀመሪያው መስመር አጠገብ የስታይሉን ስም ያገኛሉ፤ መጠንና ቀለም ግን የለም። እነዚያ «ስታይልስ» በተባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። በሁለተኛው መስመር አጠገብ ግን ደማቅ መሆኑንና መጠኑ 28 መሆኑን የሚናገር ምልክት ያገኛሉ። 14 ነጥብ 28 ተብሎ የተመዘገበው ሶፍትዌሩ በግማሽ ነጥብ ስለሚቆጥር ነው። ርእስ መሆኑን የሚናገር ግን አንድም ቃል የለም። የይዘትና የመልክ መለየት በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የራሱን የክፍል ስሞች መፍጠር የሚሻ አንባቢ በኤክስኤምኤል እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

<ማስጠንቀቂያ>ካፓሲተሩ ሳይራገፍ አይነካ።</ማስጠንቀቂያ>

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ታሪክ አለ። የመጀመሪያዎቹ የኤክስኤምኤል እትሞች ለክፍል ስሞች የፈቀዱት በሁለተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ የነበሩትን ፊደላት ብቻ ነበር። የግዕዝ ፊደል የገባው በሦስተኛው በመሆኑ፣ ጽሑፉ አማርኛ ሊሆን ቢችልም የክፍሉ ስም አማርኛ ሊሆን አይችልም ነበር። ገደቡን በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ በኋላም በ2008 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም አነሡት። ስለዚህ ዛሬ የሰነዱን ይዘት ብቻ ሳይሆን መዋቅሩንም በራሳችን ፊደል መሰየም እንችላለን።

ዋጋውና ወሰኑ

መዋቅራዊ አጻጻፍ ያለ ዋጋ አይገኝም። ከመጻፍ በፊት ስለ ክፍሎቹ ማሰብን ይጠይቃል፤ ብዙ ሰዎች አብረው ሲጽፉም በስሞቹ መስማማትን ይጠይቃል። አንዱ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ስታይል ሌላው «ጥንቃቄ» ብሎ ቢፈጥረው ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ የትምህርት ክፍል በመጀመሪያ ሊስማማበት የሚገባው ነገር የሶፍትዌር ምርጫ ሳይሆን ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የስሞች ዝርዝር ነው።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ለአንድ ገጽ ማመልከቻ ይህን ሁሉ ማድረግ ለዝንብ መድፍ መተኮስ ይሆናል። ከመጠን በላይ መከፋፈልም ሌላ ችግር ነው፤ መቶ ዓይነት ስታይል ያለው ሰነድ ማንም የማይከተለው ሕግ እንዳለው አገር ይሆናል። ደግሞም መዋቅር የደካማ ሐሳብ መድኃኒት አይደለም። የተሳሳተ ልኬት በትክክል በተሰየመ ሰንጠረዥ ውስጥ ቢቀመጥም ያው የተሳሳተ ልኬት ነው። መዋቅር የሚሰጠው ጥቅም ስሕተቱን ፈልጎ ማግኘትንና በአንድ ቦታ ማረምን ማስቻሉ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሳይንስ የሚያድገው አንዱ ትውልድ የጻፈውን ቀጣዩ ትውልድ አንብቦ፣ አርሞና ጨምሮበት ሲያስተላልፈው ነው። ሊከፈት የማይችል የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እርስ በርሱ የሚቃረን የቤተ ሙከራ መመሪያ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ሊያስሰው የማይችል የትምህርት ጽሑፍ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳሉ። ሥራውን ለመጀመር በጀትም ፈቃድም አያስፈልግም። በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ዘገባ ላይ የመጀመሪያውን ርእስ ከማድመቅ ይልቅ ርእስ ብሎ በመሰየም መጀመር ይቻላል።